«ዘንድሮ የሚሸለም የለም»

የኖርዌይ የኖቤል ኮሚቴ የሰላም ሽልማቱን ለማንም ሳይሰጥ ዓመት ያሳለፈው ለመጨረሻ ጊዜ በ1972 ነው። (ዓ.ም. ካልተባለበት በቀር እዚህ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሽልማቱ ከተጀመረበት ከ1901 አንሥቶ እስከዚያ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ እንዲህ ሆኗል። ግማሽ ያህሉን ሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ይወስዳሉ፤ የቀረው ግን ኮሚቴው የተጠቆሙለትን ሰዎች አገላብጦ አይቶ የሚመጥን ስላጣ ነው። በ1948 ጋንዲ በተገደሉ በወራት ውስጥ «በሕይወት ያለ ተገቢ ዕጩ የለም» ተብሎ ዓመቱ ባዶውን አለፈ። ከ1972 ወዲህ ግን አንድም ባዶ ዓመት የለም። ከመጨረሻው ባዶ ዓመት ቀጥሎ፣ በ1973፣ የተሸለሙት ደግሞ ሄንሪ ኪሲንጀር ከቬትናሙ ሌ ዱክ ቶ ጋር ናቸው። ሌ ዱክ ቶ አገራቸው ላይ ገና ሰላም እንዳልወረደ ተናግረው አልቀበልም አሉ። ከኮሚቴው አምስት አባላት ሁለቱ ወንበራቸውን ለቀው ወጡ።

የፖለቲከኞች ሽልማት ክብሩን አጥቷል ሲባል ብዙ ሰው የሚሰጠው ምክንያት «ፖለቲካ ገባበት» የሚል ነው። ይህ አያሳምነኝም። መቼ ወጥቶ ያውቃል? የኦስሎን ኮሚቴ የሚመርጠው የኖርዌይ ፓርላማ ነው። ለደቡብ አፍሪካው አልበርት ሉቱሊ የተሰጠው የ1960ው ሽልማት ከጫፍ እስከ ጫፍ ፖለቲካ ነበር፤ ክብሩ ግን ዛሬም አልተነካም። የጠፋው ሌላ ነገር ነው ባይ ነኝ፤ «ዘንድሮ የለም» ብሎ አፍ ሞልቶ የመናገር አቅም።

የፊዚክስ ሽልማት በየዓመቱ ቢሰጥ አያስቸግርም። ከሠላሳ ዓመት በፊት የተገኘ፣ በብዙ ቤተ ሙከራ የተፈተነ፣ ተራውን የሚጠብቅ ግኝት ሞልቷል። ፖለቲካ እንዲህ ያለ ተራ የለውም። አንድ መሪ ዘንድሮ የፈረመው ውል ሰላም ይሁን የጦርነት ዋዜማ የሚታወቀው ከስንት ዓመት በኋላ ነው፤ የሚታወቅ ከሆነ። ሽልማቱ ግን ቀን አለው። የኦስሎው በጥቅምት ይታወጃል፣ በታኅሣሥ አሥር ይሰጣል፤ ከ1994 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የሙዚቃ ዝግጅት ታክሎበት ነበር፣ ቴሌቪዥኑ ቦታውን ይዞ ይጠብቃል። ድንኳኑ ተተክሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ጥሪው ተበትኖ ሲያበቃ ሙሽራ ፍለጋ እንደሚወጣ ቤተሰብ ነው። እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሙሽራ አያጣም፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይድራል።

የተጠናቀቀ ሥራ በሌለበት ዓመት የግድ መሸለም ካለ፣ የሚሸለመው ተስፋ ይሆናል። ባራክ ኦባማ በ2009 ሲሸለሙ፣ የዕጩ መጠቆሚያው ጊዜ የተዘጋው ሥልጣን በያዙ ሁለት ሳምንት ሳይሞላቸው ነበር። ለረጅም ዓመታት የኮሚቴው ጸሐፊ የነበሩት ጌር ሉንደስታድ በኋላ ባሳተሙት ማስታወሻ ሽልማቱ ኮሚቴው ያሰበውን ውጤት እንዳላመጣ ጽፈዋል። ልብ በሉ፤ ሽልማት «ውጤት ያመጣል» ተብሎ የታሰበ መሣሪያ ሆኗል ማለት ነው። የአልፍሬድ ኖቤል ኑዛዜ ግን ባለፈው ዓመት ለሰው ልጅ ታላቅ ጥቅም ላበረከተ ሰው ስጡ ነው የሚለው። ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አላነሣም። እርግጥ ውርርዱ አንዳንዴ ይሠምራል። የኮሎምቢያው ኹዋን ማኑኤል ሳንቶስ በ2016 የተሸለሙት ሕዝባቸው የሰላም ስምምነቱን በድምፅ ውድቅ ባደረገ በአምስተኛው ቀን ነው፤ ከሳምንታት በኋላ የተሻሻለው ስምምነት ተፈረመ። አንድ ውርርድ ሠመረ ማለት ግን ዳኛው ተወራራጅ መሆኑ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

እኛ ዘንድ ነገሩ የቅርብ ነው። መስከረም 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ስም ሲጠራ ኮሚቴው ራሱ፣ ሽልማቱ ቸኩሏል የሚሉ ሰዎች መኖራቸው እንደማይቀር በመግለጫው አንሥቶ፣ ጥረታቸው አሁን ዕውቅናም ማበረታቻም ያስፈልገዋል ሲል መልሷል። የታየላቸው ነገር ባዶ አልነበረም። እስረኞች ተፈትተዋል፤ ከአገር የተሰደዱ ተቃዋሚዎች ተመልሰዋል፤ የሱዳን ወታደሮችና ተቃዋሚዎች ሲደራደሩ ኢትዮጵያ መካከል ገብታለች። ዋናው ምክንያት ግን ከኤርትራ ጋር የተደረገው ሰላም ነበር። እዚህ ላይ የሚገርመኝ ከኦስሎ ይልቅ የድንበሩ ጉዳይ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በሰፊ ደስታ የተከፈቱት መሻገሪያዎች በቀጣዮቹ ወራት አንድ በአንድ ተዘጉ፤ በ2019 ሚያዝያ ገደማ በይፋ ክፍት የሆነ አልነበረም። ሽልማቱ የታወጀው ከዚያ ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ነው። የድንበሩ ከተማ ዛላምበሳ ያለ ነጋዴ የሚያውቀውን ነገር ኮሚቴው ሳይሰማ ቀረ ብዬ አላስብም። ሰምቷል፤ ነገር ግን ሽልማቱ ድንበሩን መልሶ ይከፍተዋል ብሎ ተስፋ አደረገ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት በትግራይ ጦርነቱ ፈነዳ። በጥር 2022 ኮሚቴው ከልማዱ ወጥቶ መግለጫ አወጣና ዐቢይ እንደ መንግሥት መሪነታቸውም እንደ ሰላም ተሸላሚነታቸውም ጦርነቱን የማስቆም ልዩ ኃላፊነት አለባቸው አለ። የሰጡትን መንጠቅ በደንባቸው የለም፤ የቀራቸው ተግሣጽ ብቻ ነበር።

ጦርነቱን ያመጣው ሽልማቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ የሚሉ ሰዎች ለአንድ ሜዳልያ የማይገባውን ጉልበት ይሰጡታል። ሽልማቱ ያጠፋው የራሱን ክብር ነው። ከዚያ በኋላ በአገራችን ኖቤል የሚለው ስም ለደጋፊም ለተቃዋሚም የክርክር ድንጋይ ሆኖ ቀረ፤ አንዱ ይወረውረዋል፣ ሌላው ይመክትበታል። ስለ ሰላም የሚያስተምረው ነገር አልቀረውም።

እንግዲህ የማይቸኩል፣ ባዶ ዓመትም የማይፈራ ሽልማት ቢኖርስ? አለ። ሱዳን ተወልደው በብሪታንያ ሀብት ያፈሩት ሞ ኢብራሂም በ1998 ሴልቴል የተባለ የሞባይል ስልክ ኩባንያ መሥርተው በ2005 በ3.4 ቢሊዮን ዶላር ሸጡት። ከገንዘቡ ከፊሉን ይዘው በ2007 መሰጠት የጀመረ የአፍሪካ መሪዎች ሽልማት አቆሙ። መስፈርቱ እስካሁን ከማውቃቸው ሁሉ ጠንካራው ነው። ተሸላሚው በሕዝብ ምርጫ ሥልጣን የያዘ፣ ሕገ መንግሥቱ በፈቀደለት ዘመን ብቻ ያገለገለ፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ከሥልጣን የወረደ፣ በዚያ ላይ አመራሩ ልዩ የነበረ መሆን አለበት። ሲጀመር የሚሰጠው አምስት ሚሊዮን ዶላር በአሥር ዓመት ተከፋፍሎ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዕድሜ ልክ በዓመት ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ነበር። በገንዘብ ከኖቤል ይበልጣል።

ሐሳቡ የተነሣው እኛ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ከምንልበት ቦታ ነው። ሞ ኢብራሂም ይህንን ተረት ያውቁት አይመስለኝም፤ የተረዱት ግን ከብዙ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በተሻለ ነው። የአውሮፓ መሪ ከሥልጣን ሲወርድ የኩባንያ ቦርድ፣ የመጽሐፍ ውል፣ የንግግር ክፍያ ይጠብቀዋል። የአፍሪካ መሪን የሚጠብቀው አንዳንዴ እስር ቤት፣ አንዳንዴ ስደት፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ መረሳት ነው። ስለዚህ ሲሻር እንዳይቆጨው ቀድሞ ይበላል፤ ወይም ጨርሶ አይሻርም። አምስቱ ሚሊዮን ለዚህ ስጋት መልስ እንዲሆን የታሰበ ጡረታ ነው።

የመጀመሪያው ተሸላሚ የሞዛምቢኩ ጆአኪም ቺሳኖ ነበሩ። ስማቸው የታወጀበት ጥቅምት 22 ልደታቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን የኡጋንዳን ዓማፅያን ጉዳይ ለመሸምገል ደቡብ ሱዳን አካባቢ ስለነበሩ በስልክ እንኳ አልተገኙም። ከዚህ የተሻለ አጀማመር አይገኝም። ቀጥሎ የቦትስዋናው ፌስቱስ ሞጋይ፣ የኬፕ ቨርዱ ፔድሮ ፒሬስ፣ የናሚቢያው ሂፊኬፑንዬ ፖሃምባ፣ የላይቤሪያዋ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ፣ የኒጀሩ ማሃማዱ ኢሱፉ መጡ። ለማንዴላ የክብር ሽልማት ተሰጥቷል። ከ2007 እስከ 2020 ባሉት ዙሮች ስድስት ሰው ብቻ ማለት ነው፤ ከዚያም ወዲህ ባዶ ዓመታት ተከትለዋል።

በ2009፣ በኮፊ አናን የሚመራው ዳኞች ቡድን «ዘንድሮ የለም» ሲል ዓለም ሁሉ ዘገበው። ወሬው ተሸላሚ ቢኖር ከሚሆነው በላይ ነበር፤ ሥልጣን የለቀቁ ሰዎች በየቤታቸው ምን እንደተሰማቸው መገመት አያስቸግርም። በ2010ም የለም ተባለ። በ2012፣ በ2013፣ በ2015፣ በ2016 እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ግን ወሬው እየቀጠነ ሄዶ የአንድ አንቀጽ ዜና ሆኗል። ባዶ ዓመት ኃይል የሚኖረው ያልተለመደ ሲሆን ነው። ሲለመድ የሚነካው አይኖርም፤ በመሪዎቹ ላይ የተሰጠ ፍርድ መሆኑ ይቀርና የአህጉሩ የአየር ጠባይ ይመስላል።

የተሸላሚዎቹን አገር ደግሞ ተመልከቱ። ቦትስዋና፣ ናሚቢያና ኬፕ ቨርድ በዚያን ጊዜ የነበራቸው ሕዝብ ተደምሮ ከአምስት ሚሊዮን ብዙም አይዘልም። ከናይጄሪያ፣ ከኢትዮጵያ፣ ከግብፅ፣ ከኮንጎ ኪንሻሳ አንድም የለም። ሽልማቱ የደረሰው መሪ ሥልጣን መልቀቅ ልማድ ወደሆነበት ወይም ሊሆን ወደተቃረበበት አገር ነው። ሞጋይ ያለ አምስት ሚሊዮኑም ይለቁ ነበር፤ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ለቅቀዋልና። አልለቅም ላለው ደግሞ ገንዘቡ ምኑም አይደለም፤ የማዕድን ፈቃድ የሚፈርም እጅ በአንድ ጠዋት ከዚያ በላይ ያገኛል። ጡረታው ማባበያ ለማያስፈልጋቸው ታማኞች ደረሰ። የሚፈለጉት ሰዎች ዘንድ ሲደርስ ቀለለ።

በዚህ መሐል የአህጉሩ ሕገ መንግሥቶች አንድ በአንድ ተሻሻሉ። ኡጋንዳ በ2005 የሥልጣን ዘመን ገደብን፣ በ2017 ደግሞ የዕድሜ ገደብን አነሣች። ሩዋንዳ በ2015 በሕዝበ ውሳኔ መንገዱን ከፈተች። በ2020 ጊኒና ኮትዲቯር ለሦስተኛ ዘመን የተወዳደሩ ፕሬዚዳንቶችን መርጠናል አሉ። የሰርሊፍ ሽልማት በ2018 የተሰጠው ኪጋሊ ላይ መሆኑን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። በጊዜው ስለለቀቀ መሪ የሚዘመርበት በዓል፣ ሕገ መንግሥቱ በተሻሻለላቸው ፕሬዚዳንት ከተማ።

የእኛን አገር በዚህ መስፈርት መለካት ራሱ አስቸጋሪ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ለርዕሰ ብሔሩ ሁለት የምርጫ ዘመን ገደብ አስቀምጧል፤ ሥልጣኑን ለያዘው ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን ምንም ገደብ የለውም። ኃይለ ማርያም ደሳለኝ በየካቲት 2010 ዓ.ም. በፈቃዳቸው ለቀቅሁ ሲሉ በታሪካችን እንግዳ ነገር ሠሩ። ነገር ግን በሥልጣን ያቆያቸው የ2007 ዓ.ም. ምርጫ ገዥው ግንባርና አጋሮቹ የፓርላማውን ወንበር ሁሉ የወሰዱበት ነው። አወራረዳቸው የሚያስመሰግን፣ አወጣጣቸው መስፈርቱን የማያልፍ። ለእንዲህ ያለ ሰው የተሠራ ሽልማት የለም፤ አፍሪካ ውስጥ የሚበዙት ግን እንዲህ ያሉ ናቸው።

ኢሱፉ ደግሞ የሦስት ዓመቱም ገደብ አጭር መሆኑን አሳዩ። በ2021 ሲሸለሙ የተመሰገኑት ኒጀር ከነፃነት ወዲህ አይታው የማታውቀውን፣ ከተመረጠ ወደ ተመረጠ መሪ የሚደረግ ርክክብ ስላመቻቹ ነው። የተረከቧቸው መሐመድ ባዙም በሐምሌ 2023 በራሳቸው የክብር ዘብ ተይዘው ከሥልጣን ወረዱ። ርክክቡ እውነት ነበር፤ ሥሩ ግን ሁለት ዓመት ተኩል አልያዘም።

አስመሳዮቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ጋዳፊ በስማቸው የሰብአዊ መብት ሽልማት አቁመው በ1989 እስር ላይ ለነበሩት ለማንዴላ ሰጡ፤ በ2010 ለኤርዶዋን ሰጡና በዓመቱ ሰጪውም ሽልማቱም አልነበሩም። ኦስሎ በ2010 እስረኛውን ቻይናዊ ሊዩ ሺያቦን ስትሸልም ቤጂንግ ውስጥ የኮንፊሽየስ የሰላም ሽልማት የሚባል ተቋቁሞ በ2011 ለፑቲን ሰጠ፤ በ2015 ለሙጋቤ ብሎ እርሳቸው እንኳ ሳይቀበሉት ቀሩ። በ2025 ደግሞ የዓለም የእግር ኳስ ፌዴሬሽን የሰላም ሽልማት ፈጥሮ በዓለም ዋንጫው የዕጣ ማውጫ መድረክ ላይ ለዶናልድ ትራምፕ አበረከተ። እነዚህ ሊኖሩ የቻሉት ዋናው ሽልማት ስለተበላሸ ነው። ማንም ሊሠራው የሚችል ነገር ከመሰለ፣ ማንም ይሠራዋል።

በአገር ቤት ያለው ደግሞ ከዚህ የለዘበ ነው፤ ግን ከዚያው ዘር ነው። የበጀት ዓመቱ ሲያልቅ በየቢሮው የሚዘጋጀውን «የዕውቅናና የምስጋና መርሐ ግብር» የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም። አንደኛ የወጣው ዋንጫ፣ ሁለተኛው ዋንጫ፣ ሦስተኛውም ዋንጫ፣ የቀረው ሁሉ በፍሬም ያለ ሰርተፍኬት ይዞ ይወጣል። ሰጪው ኃላፊ በዚያው መድረክ ከበታቾቹ ካባ ይደረብለታል። በንጉሡ ዘመን በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ባለሥልጣንን በባለሥልጣንነቱ አልሸለመም፤ አፈወርቅ ተክሌን በሥዕል፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ነው የሸለመው። ለሹማምንቱ ኒሻንና ማዕረግ ለብቻው ነበረላቸው። ኒሻን ውለታ መክፈያ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ስለዚህ አያታልልም። የዛሬው ዕውቅና ውለታውን የገለልተኛ ዳኝነት ልብስ ያለብሰዋል።

እስካሁን ስለ ባለ ሥልጣን ነው ያወራሁት። የመብት ታጋዮች ሽልማት የሚለካበት ሚዛን ሌላ ነው። የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት የሚባለውን ከእኛ መሐል የዘር ሀብት ጥበቃው ሊቅ መላኩ ወረደ በ1989፣ ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር በ2000፣ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ በ2017 አግኝተዋል። ጋዜጠኛ ርዕዮት ዓለሙ በ2013 የዩኔስኮን የጊሌርሞ ካኖ ሽልማት ስታገኝ እስር ቤት ነበረች። በዚህ ጊዜ ሽልማቱ ፍርድ ብቻ አይደለም፤ ስሟ በውጭ አገር መጠራቱን እንዲቀጥል ያደርጋል፣ አሳሪዋም ይህንን ያውቃል። ሥልጣን የሌለው ሰው ማበረታቻ ይገባዋል፤ ቢሳሳት የሚያጠፋው የራሱን ስም ነው። ሥልጣን የያዘ ሰው ሲበረታታ ግን የሚከፍለው ሌላ ነው።

ሁለቱን በአንድ ሜዳልያ መሸለም ነው ነገሩን ያደባለቀው። የምያንማሯ ኦንግ ሳን ሱ ቺ በ1991 በቤታቸው ታስረው ሲሸለሙ ያለ ጥርጥር ይገባቸው ነበር። በ2016 መንግሥት ውስጥ ገቡ፤ በ2017 ከሰባት መቶ ሺህ በላይ ሮሂንጃዎች ወደ ባንግላዴሽ ሸሹ። ኅዳር 30 ቀን 2012 ዓ.ም. ዐቢይ ኦስሎ ላይ ሽልማታቸውን ሲቀበሉ፣ በዚያው ዕለት ሱ ቺ ሄግ በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት አገራቸው በዘር ማጥፋት ስትከሰስ ከተከላካዩ ወንበር ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል የሰጣቸውን ክብር በ2018 መልሶ ወስዷል፤ ኖቤሉ ግን አይመለስም። ለታጋይ የተሰጠው ሜዳልያ ባለ ሥልጣኗ አንገት ላይ ቀረ።

ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ በአንድ ሰው ላይ ሁለቱን አሠራር ያሳያሉ። ኦስሎ በ2011 ሽልማቱን ያወጀችላቸው ለሁለተኛ ዘመን የሚወዳደሩበት ምርጫ አራት ቀን ሲቀረው ነው፤ ተቀናቃኞቻቸው ተቆጡ፣ መቆጣታቸውም ተገቢ ነበር። ሞ ኢብራሂም የሰጠው ደግሞ በጥር 2018 ለጆርጅ ዊሃ ካስረከቡ በኋላ ነው። ልጆቻቸውን በመሾማቸው የቀረበባቸው ወቀሳ በሁለቱም ጊዜ ያው ነበር። ሁለተኛው ሽልማት ግን የማንንም ድምፅ አልነካም።

ስለዚህ ለመሪ የሚሰጥ ሽልማት ከወረደ አሥር ዓመት ሳይሞላው ባይሰጥ እመርጣለሁ። ዓመታዊነቱም ይቅር፤ ሲገኝ ይሰጥ። ዋጋ አለው፤ ብዙዎቹ ዕድሜ አይደርስላቸውም፣ የጋንዲ ዓይነት ጸጸት ይደጋገማል፣ ስፖንሰር የሚባለው ደግሞ ለማይታወቅ ቀን ገንዘብ አያወጣም። ለታጋዮቹ ግን እስር ቤት ሳሉ፣ በትኩሱ፣ በየዓመቱም ቢሆን ይሰጥ። በዚህ ሥሌት ኢሱፉ የሚታዩት በ2031 ነው። የኦስሎው የ2019 ተሸላሚ ቆጠራቸው ገና አልተጀመረም።